የጣሳው ጠጠር

ከበሩ ጀርባ፣ ከሚስማሩ ላይ፣
አንድ አርጩሜ ነበር፣ ለገባ የሚታይ፤
ከእኔ በፊት የነበሩት መምህር የተዉት፣
እጀታው በላብ የወዛ፣ ጫፉን ልጆች ያወቁት።
«ይቆይ» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ፣
«ባይመታም ያስፈራል፤ ሳያስፈሯቸው ምን ሊያደርጉ?»

ሁለተኛ «ለ» ክፍል፣ ሃምሳ ስምንት ነፍስ፣
ሦስት ሦስት ባንድ ዴስክ፣ ክርን ለክርን ሲላወስ፤
በመስኮቱ በኩል ጣና፣ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ መስሎ፣
በክፍሉ ውስጥ ጫጫታ፣ የገበያ ያህል አይሎ፤
አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዷ ስትከስ፣ አንዱ እርሳስ ሲነጥቅ፣
አንዱ «ጉማሬ!» ሲል፣ ክፍሉ ተነሥቶ መስኮት ሲያጨናንቅ።
ጉማሬ አይደለም፤ የተገለበጠ ጀልባ ነው።
ጉማሬ ያለው ልጅ አንዳርጌ ነው።

አንዳርጌ ጠመኔ ይሰብራል፣ ሹሩባ ይጎትታል፣
ስሙን ጮክ ብዬ ከጠራሁ መዳፉን ይዘረጋል፤
መዳፉን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።
ማን እንዳስተማረው ሚስማሩ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ጠጠር ለቀምሁ፣
ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ውሃ ያሸው፤ በሻሽ ቋጥሬ መጣሁ።
የወተት ዱቄት ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁና፣
«ስሙ» አልሁ፣ «ከዛሬ ወዲያ ጥፋት አልቆጥርም፤ ደኅናውን ነውና፦
ተራውን የጠበቀ፣ ላልገባው ያስረዳ፣
የወደቀ ላጲስ የመለሰ፣ ወረቀት ያነሣ ከሜዳ፣
አንድ ጠጠር። ጣሳው ሲሞላ፣
ሁላችን ወደ ሐይቁ፣ ከሰዓት በኋላ።»

ቀጭ! አለች የመጀመሪያዋ፤ ባንቺወሰን ናት ያስጣለቻት፣
ለሰደበቻት ልጅ ግማሽ ላጲስ ቆርሳ የሰጠቻት።
ክፍሉ ድምፁን ወደደው፤ ያች ጠጠር ቀጭ ስትል፣
ሃምሳ ሰባት አንገት ይቀናል እንደ ደንገል።
ሃምሳ ስምንተኛው ሐይቁን ያያል፤
የእሱ ስም ሲጠራ ጣሳው ዝም ይላል።

ባምስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ፣ ጣሳው እስካፉ ደረሰ፤
ሰኞ ጠዋት ክዳኑን ብከፍት፣ ባዶ፤ እንደ ድመት ሳህን የተላሰ።
ክፍሉ አልጮኸም። ይህ ነው ያስፈራኝ።
ሃምሳ ሰባት ጣት ተነሥቶ አንድ ወገን አሳየኝ።
አንዳርጌም ቆመ፣ መዳፉን ዘረጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ፤
ሚስማሩ ከኋላዬ ጠራኝ፣ እጄም ተፈተነ።
አልዋሽም፤ ሄዷል እጄ። ግማሽ መንገድ።
ያኔ መዳፉን አየሁት፦ የተጨማደደ፣ ውሃ ያደረበት፣
በየጣቱ መሀል የክር ቁስል ያለበት።

«የት ነው ያለው?» አልሁት። መልስ የለም። ቆየሁ።
መጠበቅ ከመምታት እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን አየሁ።
«ውሃ ውስጥ።»
«ያጎቴ መረብ እርሳሷ ረግፎ ተንሳፈፈች» አለ፤
ክፍሉ ሳቀ፣ የሚጻፍበት መስሎት፤ እሱ ግን ቀጠለ፦
«ካልሰጠመች ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ የለም እራት።
ጠጠሮቹ ልክ ናቸው፤ በጨርቅ ቋጥሬ አሰርሁባት።»

«የክፍል አያያዝ» ሠልጥኛለሁ፤ የምስክር ወረቀት አለኝ፤
ለሰጠመ ጠጠር ግን የተጻፈ ገጽ አልታየኝ።
ክፍሉን ጠየቅሁ። «ይገረፍ» አሉ ስድስት፤
«ይውጣ» አሉ ሦስት።
ባንቺወሰን አሰብ አደረገችና፦ «ይመልሳ! ግን መረቡ ያለ ክብደት…
እኛ ሌላ እንልቀምለት።»

ከሰዓት ወረድን፣ በዘንባባው ሥር፣ ባጃጅ አሳልፈን፣
ባዶውን ጣሳ ይዘን።
አንዳርጌ አዛዥ ሆነ፦ «ይኸ ቀላል ነው፤ ያ ይሾልካል፤
ወገቡ የቀጠነውን ፈልጉ፤ እሱ ክር ይይዛል።»
ያን ቀን ማንም አልተጋፋ፣ ማንም አልተሰደበ…
ኧረ ተጋፍተዋል፤ ያንዱ ልጅ ጫማ ውሃ ጠገበ።

ማክሰኞ አንዳርጌ ጠመኔ ሰበረ።
ስሙን ጠራሁ። መዳፉ ተነሣ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀረ።
ዓይኑን አልጨፈነም።
ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ለቀመና
«ቲቸር፣ ሁለት ሆነ እኮ» አለኝ።

አርጩሜው? እሱን አትጠይቁኝ።
ሚስማሩ ላይ ዛሬ ያንድ ልጅ ካልሲ ይደርቃል።